የሾላ ሜዳው ቀንድ አውጣ ቆጣሪ

አቶ አንማው ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ ላይ ቆሜ የነቀምት አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ሽንኩርት ጭኖ የመጣ አንድ የሾላ ሜዳ ገበሬ ከሩቅ አውቆኝ መጣና፣ ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኒያ የቀንድ አውጣው ሰውዬ እኮ አረፉ፤ አልሰማህም ኖሯል?» አለኝ። አርባቸው ወጥቶ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አውቶቡሱ መጥቶ ረዳቱ ሲጣራ፣ ሻንጣዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርሁና ወደ ማንኩሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

አቶ አንማው የማንኩሳ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርታቸው ከአጭር ሥልጠና የዘለለ አልነበረም። ነገር ግን በሕይወቴ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከስማቸው በፊት ማዕረግ ከሚደረደርላቸውም ጭምር፣ እንደሳቸው መጠየቅ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ዘለግ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከተው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ሲነግሯቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ሌላው ሰው ለማየት መነጽር ያደርጋል፤ እሳቸው ለመስማት ያወልቁ ነበር።

ያን ጊዜ በየስብሰባው የሚወራው መስኖ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ያልቆየሁ መሐንዲስ ነበርሁ፤ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ከፍቶ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ፣ ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን የሾላ ሜዳን ቦይ ከቅየሳው እስከ ምረቃው የመራሁት እኔ ነኝ። በምረቃው ዕለት ሽማግሌዎች ቆመው መርቀውኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ መንደሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረት ጀመረ፤ ሣር ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ቦዩን እንደ በኵር ልጄ ነበር የማየው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ እኒህ ሰው በጋሪ ፍኖተ ሰላም መጡና ቢሮዬ ገቡ። አፉ በጨርቅ የታሰረ ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውስጡ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆኑ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ነበሩ።

«ኢንጅነር፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። አንዲት ጥያቄ አለችኝ» አሉ። «እርስዎ በሠሩት ቦይ ውኃው አንዳንድ ቦታ ይሮጣል፣ አንዳንድ ቦታ ይተኛል። የሚተኛ ለምንድን ነው?»

ቅር አለኝ። የጤና ጣቢያ ሰው ስለ ቦይ ምን አገባው አልሁ በልቤ። እንዳይገባቸው አድርጌ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ አመስግነውኝ ሄዱ። በሳምንቱ ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። የነገርኋቸውን ይዘው ቦዩን ዞረው አይተውት ኖሯል፤ እንዳልሁት ሆኖ እንዳላገኙት በትሕትና ነገሩኝ። በሦስተኛው ማክሰኞ ሲመጡ ትዕግሥቴ አለቀና በግልጽ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው።

«ከቦዩ በታች ያሉ ቤቶች ልጆቻቸውን ደም እያስቀመጣቸው ነው» አሉኝ።

አብሬያቸው ማንኩሳ ሄድሁ። መጀመሪያ ያስገቡኝ ላቦራቶሪያቸው ነው። አንዱን ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አድርገው መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስሞቁት። ጥቂት ቆይተው ከውኃው ጠብታ ወሰዱና ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡልኝ። ባዶ ዓይን የማያየው፣ ጭራው እንደ መንታ መንገድ የተሰነጠቀ ነገር በመቶ እየሆነ ይዋኛል። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ቢልሃርዚያ እሱ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በልጁ ቆዳ ይገባል፤ ከልጁ ሆድ ደግሞ በሰገራ ወጥቶ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ቀንድ አውጣው ይመለሳል።

«ቀንድ አውጣው ቤቱ ነው፣ ልጁ ማደሪያው ነው፣ ውኃው መንገዱ ነው» አሉኝ። «መንገዱን የቀየሱት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁ።»

ክስ አልነበረም፤ አድራሻ ፍለጋ ነበር። እሱ ነው የበለጠ የከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን እንወርድ ጀመር። ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ቀለል ስለሚል የእሳቸው የቦይ ቀን እሱ ነበር። ሰባት ቦታዎች መርጠዋል። በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ወንፊት አላቸው፤ በየቦታው ሦስት ጊዜ ይነክሩና የወጣውን ቆጥረው ይጽፋሉ። ቦት ጫማቸው ተቀዶ ስለነበር ብዙ ጊዜ በባዶ እግራቸው ነበር የሚገቡት። ተዉ ስላቸው፣ ቀንድ አውጣው ወደ እኔ አይመጣም፣ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ ይሉኛል።

አንድ ቀን የውኃው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። በቀመር ያሰላሁትን ስነግራቸው፣ በወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን እዚህ ያለውን ማለታቸው እንደሆነ አስረዱኝ። መለኪያ መሣሪያ አልያዝሁም። ዙሪያቸውን ቃኝተው ከማሳ ጠርዝ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ አነሡ። አሥር እርምጃ ለክተን ችካል ተከልን፤ እኔ ቆረቆንዳውን እለቃለሁ፣ እሳቸው ታች ቆመው ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የሚያልፈው ገበሬ ሁሉ እየቆመ ይስቅብን ነበር። እኛ ግን ረሃብ እንኳ ረስተን ዋልን። ማታ ስንመለስ አቶ አንማው አንተ ብለው ጠሩኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቆረቆንዳው በሮጠበት ቦታ ቀንድ አውጣ የለም፤ በተኛበት ቦታ ወንፊቱ ሞልቶ ይወጣል። ውኃው የሚተኛው ደግሞ እኔ ሰፊ ጥምዝ የሠራሁባቸውና ውኃ እንዲጠራቀም ያበጀሁባቸው ቦታዎች ላይ ነው። ከሰባቱ አንዷ ብቻ አልገጠመችም። አምስተኛዋ ቦታ ላይ ቆረቆንዳው እዚያው ሲዞር ይውላል፤ ወንፊቱ ግን በየሳምንቱ ባዶውን ነው የሚወጣ። ስድስቱ ከገጠሙ አንዷን ብንተዋትስ አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስቱ የሚነግሩን የምናውቀውን ነው» አሉ። «ወሬ ያላት እሷ ናት።»

ስንት ማክሰኞ እንደፈጀን እንጃ። የዛፍ ጥላ ይሆን አሉ፤ አልሆነም። አፈሩን ወሰዱ፤ ከሌላው አይለይም። አንድ ቀን ከወትሮው ቀደም ብለን ስንደርስ አንዲት ሴት አምስተኛዋ ቦታ ላይ ልብስ ሲያጥቡ አገኘናቸው። ወይዘሮ ስንዱ ይባላሉ፤ የአራት ልጆች እናት ናቸው፤ ትንሿ ልጃቸው አቶ አንማው ከመረመሯቸው ሕፃናት አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ አቶ አንማው ፈቃድ ሊጠይቁ ቤታቸው ሲሄዱ፣ እናቲቱ ውጤቱን መልሳችሁ ትነግሩናላችሁ ወይስ እንደ ሌሎቹ ጽፋችሁ ትቀራላችሁ ብለው አፋጥጠዋቸው፣ አቶ አንማውም እኔው ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ ብለው ቃል ገብተውላቸው ነበር።

ውኃው በአረፋ ነጥቷል። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። አቶ አንማው ዳር ላይ ቁጭ አሉና ለራሳቸው ሳቁ።

እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀ ነው፤ እሳቸውም በሥልጠናቸው ተምረውታል። ነገር ግን ሌሎች ሴቶችም በእንዶድ ያጥባሉ፤ በእነሱ ማጠቢያ ላይ ቀንድ አውጣው አልጠፋም። የወይዘሮ ስንዱ ምን ይለየዋል? ጠየቋቸው። ወይዘሮ ስንዱ የእናንተ ጥያቄ አያልቅም ብለው ካጉረመረሙ በኋላ አስረዱ። ተክሉ አማታቸው ከትውልድ አገራቸው አምጥተው ከጓሮ የተከሉት ነው። ሌላው ሰው ፍሬው እስኪቀላ ይጠብቃል፤ እሳቸው አማታቸው እንዳስተማሯቸው አረንጓዴ ሳለ ለቅመው ጥላ ላይ ያደርቁታል። «የቀላው ያጸዳል፤ ያልቀላው ግን ይነክሳል» አሉን። አቶ አንማው ቃል በቃል ጻፉትና ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ መልሰው አነበቡላቸው።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶክተር ተማሪዎች አስከትሎ፣ ከውጭ አገር አጥኚ ሴት ጋር መጣ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። መኪናም መሣሪያም ነበራቸው፤ ለሕፃናቱ ሁሉ የሚበቃ የቢልሃርዚያ ኪኒን እንደሚያመጡም ተናገሩ። አቶ አንማው ደብተራቸውን ሳይሰስቱ ሰጧቸው። ፈረንጇ ከሁሉም የወደደችው አምስተኛዋን ቦታ ነው።

በዚያው ሰሞን አቶ አንማው ፍኖተ ሰላም እየተመላለሱ ነበር። አንድ ወጣት ዳኛ ያውቃሉ፤ ከእሱ ዘንድ የነጋሪት ጋዜጣ እየተዋሱ ያነቡ ነበር። አገራችን ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዳለ ያነበቡት እዚያ ነው። የአንድ አገር ዘር፣ ያለ አገሩ ፈቃድና ያለ ባለ ዕውቀቱ ስምምነት ድንበር እንዳይሻገር የሚል ነገር አለው። በእጃቸው ገልብጠው ኪሳቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር። ምን ያደርግልዎታል ብላቸው፣ ቀንድ አውጣ ከጤና ጣቢያ ወደ መሐንዲስ ከወሰደኝ፣ መሐንዲስ ወደ ዳኛ ቢወስደኝ ምን ይገርማል አሉኝ።

ቡድኑ ሊመለስ የተነሣ ዕለት እኔም ነበርሁ። የእንዶዱ ፍሬና ቁርጥራጩ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ መኪናው ላይ ተጭኗል። አቶ አንማው ወደ ዶክተሩ ቀረቡ።

«ዶክተር፣ ይህ ፍሬ ድንበር ሲሻገር ምን ተብሎ ነው የሚሻገር?»

«ናሙና ተብሎ ነዋ፣ አቶ አንማው።»

«የማን ናሙና?»

«የምርምሩ።»

«ምርምሩ እንዶድ አልተከለም» አሉ አቶ አንማው፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ።

ዶክተሩ ፊቱ ተለወጠ። ነገሩ ለሳይንስ መሆኑን፣ የፈቃድ ደብዳቤ ሲመላለስ ዓመት እንደሚፈጅ፣ ይህ ከተደናቀፈ አጋሮቹ ጥለው እንደሚሄዱ፣ እነሱ ከሄዱ ደግሞ ኪኒኑም እንደማይመጣ ተናገረ። ይህን ሲል መንደርተኛው ከቦናል። ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች አሉ። የሁሉም ዓይን አቶ አንማው ላይ አረፈ። እሳቸው ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞረው፣ ተክሉ የእርስዎ ነው፣ እርስዎ ይናገሩ አሏቸው።

ወይዘሮ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንዶዱን አልሰስትም፤ ባለቤቱ ይታወቅ፣ የምታገኙትንም መልሳችሁ ንገሩን ነው የምል» አሉ። «ኪኒኑንና እንዶዱን ግን አንድ ላይ አታስሩብኝ። ልጄ ኪኒን የሚገባት ስለታመመች ነው እንጂ እንዶድ ስላለኝ አይደለም።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ለፈረንጇ ተረጎመላት። እሷም ማንንም ሳታማክር መኪናው ላይ ወጥታ ሳጥኑን ራሷ አወረደችው። ቡድኑ ያለ እንዶዱ ሄደ።

ኪኒኑም አልመጣም። ይህን ሳልናገር ባልፍ አቶ አንማውን ሐሰት አደርጋቸዋለሁ። ሁለት ወር ያህል የሾላ ሜዳ ሰው ፊት ነሳቸው። ሰላምታቸውን የማይመልሱ ነበሩ። የወይዘሮ ስንዱ ልጅ እየከሳች ሄደች። አንድ ማክሰኞ ቦዩ ዳር ተቀምጠን ሳለ ወንፊታቸውን እንኳ ሳይነክሩ እንዲህ አሉኝ፦ «ትክክል መሆንና ልጅ ማዳን የተጣሉ ዕለት ምን ይደረጋል? ይህን የትኛው መጽሐፍ ላይ ልፈልገው?» ከዚያች ቀን ጀምሮ የጤና ጣቢያውን ማመልከቻ ይዘው በየቢሮው መሄድ ጀመሩ፤ ፍኖተ ሰላም ሲሉ፣ ባሕር ዳር ሲሉ፣ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። ኪኒኑ በመጨረሻ በመንግሥት በኩል መጣ። ካርቶኑን ራሳቸው በጋሪ ጭነው ሾላ ሜዳ ሲገቡ፣ ጋሪው ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ካርቶኑን ደግፈው በእግራቸው ነበር።

ኪኒኑ ከመታደሉ በፊት ቃላቸውን ሊፈጽሙ ፈለጉ። በእሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። የልጆቹን ስም ሳይጠሩ፣ ከቦዩ በላይ ያለው መንደር ይህን ያህል፣ ከቦዩ በታች ያለው ይህን ያህል እያሉ ውጤቱን አነበቡ። መጨረሻ ላይ «አንድ አዋቂ፣ ወንድ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ» ብለው ጨመሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ሁሉ ማክሰኞ ባዶ እግራቸውን ሲገቡ ይዟቸው ኖሯል። ራሳቸውን መርምረው፣ ራሳቸውን እንደ ማንኛውም ሰው ከቁጥር አግብተው፣ ኪኒኑን ግን ሕፃናቱ ሁሉ ከወሰዱ በኋላ ነው የወሰዱት።

ከዚያ በሽታው እነዚያ ቦታዎች ላይ ለምን እንደበዛ አንድ ሽማግሌ ጠየቁ። አቶ አንማው አልመለሱም፤ ወደ እኔም አላዩም። አለማየታቸው ነው ያስነሣኝ። አለቃዬ ቀደም ብሎ፣ ቦዩ በሽታ አመጣ የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርትህ ውስጥ እንዳይገኝ ብሎኝ ነበር። ተነሥቼ ጥምዙን ያሰፋሁት፣ ውኃው እንዲተኛ ያደረግሁት እኔ መሆኔን፣ ሳላውቅ እንደሆነ፣ ሊስተካከል ግን እንደሚችል ተናገርሁ። የጠየቁት ሽማግሌ፣ እንግዲያ ለማክሰኞ ዶማ ይዘን እንምጣ አሉ።

በወንፈል ጥምዙን አጠበብነው፤ ኩሬውን አፋሰስነው፤ ልጆች ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ በሦስት ቦታ ግንድ ድልድይ ጣልን። ቦይ ማጽዳቱንና ያልቀላ እንዶድ መበተኑን ሴቶቹ በየተራ ያዙት። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ሪፖርቴ ውስጥ ጻፍሁት፤ ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ። የወይዘሮ ስንዱ ልጅ ዳነች።

የውጭዋ ተመራማሪ አልረሳችውም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ፈቃዱ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በኩል በወጉ መጣ፤ ውሉ ላይ የሾላ ሜዳም የወይዘሮ ስንዱም ስም ነበረበት፤ ወይዘሮ ስንዱ ጣታቸውን አትመው ፍሬውን በገዛ እጃቸው ሰጡ። ጥናቱ ሲታተም አንድ ቅጂ ደረሰኝና ለአቶ አንማው ላነብላቸው ማንኩሳ ሄድሁ። ከአጥኚዎቹ መካከል ስማቸው የለም። መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ አለ፣ ፊደሉ ተሳስቶ። እኔ ስናደድ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይሰማሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አምስተኛዋን አስገብተዋታል ወይ? አስገብተዋታል አልኋቸው። በቃ እንግዲህ ብለው ስለ ሌላ ነገር፣ የዚያ ዓመት ወባ ለምን ከዝናቡ ቀድሞ እንደመጣ ይጠይቁኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የተገናኘነው ጥቂት ጊዜ ነው። ጡረታ ወጡ፤ እኔ አገር ለአገር ስዞር ከረምሁ። ስልክ ስደውል የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ ነበራቸው፤ መደወሉን የተውሁት እኔ ነኝ።

ማንኩሳ ወርጄ ቤተሰባቸውን አጽናናሁና ወደ ሾላ ሜዳ በእግሬ ሄድሁ። ወይዘሮ ስንዱ አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ እህል ሲለቅሙ ደረስሁ። ድምፄን ሲሰሙ ነው ያወቁኝ። አልቅሰን ስንጨርስ ስለ ቀብሩ ነገሩኝ። የሾላ ሜዳ ሰው በሙሉ በእግሩ ማንኩሳ ወርዷል። ፊት የነሷቸውም ሳይቀሩ። ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸውም ልቅሶው ላይ እንዲህ ብለው አወረዱ፦

«ቀንድ አውጣ ሲቆጥር ዘመኑን ኖረ፣
እኛንም ከሰው ጋር አብሮ ቆጠረ።»

ሰዉ ይህን ሲሰማ ለቅሶው እንደ አዲስ እንደፈነዳ ነገሩኝ። ወይዘሮ ስንዱ ሰፌዳቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣ ዘንድሮ ታችኛው ድልድይ ጋ ውኃው አረንጓዴ እንደሆነ፣ ከብት ሲጠጣው እንደሚያስለው ነገሩኝ። ምን ይመስልሃል አሉኝ።

ማዳበሪያ ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት።

«አላውቅም፣ እትዬ ስንዱ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ተነሥ» አሉኝ።

በትራቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ፤ እኔ ጫማዬን አውልቄ ተከተልኋቸው።